የከረጢት አረንጓዴ

አዘዞ ላይ ሚኒባሱ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ አራት ሰው ጫነ። እግሬ ሥር በፌስታል የታሰረ ሁለት ኪሎ ቡና አለ፤ የእኔ አይደለም። አዲስ አበባ ያለች ወዳጄ «ጎንደር ከሄድክማ ቆላ ድባ ምን አላት፤ ለአክስቴ አድርስልኝ» ብላ ያስያዘችኝ አደራ ነው። እኔ የሄድኩት ለጥምቀት ነበር። ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ወደየደብራቸው ገብተው ከተማው ድካሙን ሲያራግፍ፣ አልጋ ሥር የወሸቅኩት ፌስታል ትዝ አለኝ። እውነቱን ለመናገር ቡናው ባይኖር ቆላ ድባን አላያትም ነበር።

መንገዱ ከጎንደር ወደ ደቡብ ምዕራብ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሟ እንዳያሳስታችሁ። ጣና ራሱ ከባሕር ወለል 1,780 ሜትር በላይ ላይ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ቆላ ድባ ደግሞ ከሐይቁም ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። ትምህርት ቤት እንዳስተማሩን ከሆነ ወይና ደጋ ናት። ነገር ግን ከጎንደር አምባ ቁልቁል ለሚያይ ሰው የደምቢያ ሜዳ በሙሉ ቆላ ነው፤ ስሙን ያወጣው ማን እንደሆነ ከዚህ መገመት አይከብድም። የቆላ ነገር ካለባት ወባዋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሰው ፈጅቷል። በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው እልቂት ነበር። ወዳጄም ነርስነቱን የተማረችው ጎንደር ነው፤ ለልምምድ ቆላ ድባ ስትመደብ አክስቷ ቤት ነበር የምታድረው።

ከአዘዞ ወዲያ አገሩ ይዘረጋል። ጥቁር ዋልካ፣ ክረምት ላይ እግር የሚውጥ፣ በጥር ግን ተሰነጣጥቆ ጣት የሚያስገባ። ጤፉ ታጭዶ አውድማ ላይ ወጥቷል። ሽምብራው ገና እሸት ነው። ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ በመስኮቱ እየጠቆሙ የማን ማሳ ምን እንደተዘራበት ይነግሩኛል፤ ጓያ፣ ሽምብራ፣ እዚያ ማዶ ጥቁር አዝሙድ። ስለ ጥቁር አዝሙዱ ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ትንሽ ኩራት አለ።

የወዳጄ አክስት ቤት ከገበያው ጀርባ ነው። ባጃጁ ያወረደኝ በር ላይ ነበር፤ በሩ ክፍት ነው። «ግባ ልጄ፣ ግባ፤ የእሷ ሰው ነህ አይደል?» አሉኝ፤ ስልኩ ቀድሞኝ ደርሷል። ቡናውን ተቀብለው ሳሙኝና «ይህን ያህል ምን አደከማት» ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡኝ። እሳቸው ጀበና ሊያቀርቡ ወደ ጓዳ ሲገቡ እኔ ከግድግዳው ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ግድግዳው በጭቃና በጤፍ ጭድ የተመረገ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ጭዱ ወርቃማ ሆኖ ይታያል። ከምርጉ ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፣ በዱቄት ሙጫ። አንዱ ተገልብጦ ስለተለጠፈ የአንድ ሚኒስትር ራስ ወደ ታች ተዘቅዝቋል። ከጋዜጣው ላይ የካሌንደር ሥዕለ ማርያም፤ ከአጠገቧ ወዳጄ በምረቃ ጋውን። ከዚህ ሁሉ በላይ አምስት ሰፌዶች፣ ትልቁ መሐል፣ ትንንሾቹ ዙሪያውን፣ እንደ ፀሐይና ልጆቿ ተሰቅለዋል። አዲስ አበባ አንድ ጋለሪ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከጎኑ ትንሽ ነጭ ካርድ ይለጠፍለት ነበር፤ «ጭቃ፣ ጭድ፣ የጋዜጣ ወረቀት፣ ስንደዶ፤ ልዩ ልዩ ቁሳቁስ» የሚል። ዋጋውንም ለሚጠይቅ ብቻ ይነግሩታል።

ቡናው እስኪፈላ አክስቲቱ ጅምር ሰፌዳቸውን አነሱ። እንዲህ ነው የሚሆነው። የሣሩ ጭብጥ እንደ እባብ ከእምብርቱ ጀምሮ ይጠቀለላል። አንድ ዙር በሄደ ቁጥር ወስፌው የቀደመውን ዙር ይበሳል፤ በቀዳዳው አለላው ይገባል፣ ይጠበቃል፣ እንደገና ይበሳል። አለላ ማለት ስንደዶው ተሰንጥቆ በቀለም የተነከረው ነው። ጣሳ ውስጥ ውሃ ላይ ይተኛል፤ ከደረቀ ይሰበራላ። ቀጥሎ የሚገባው አለላ ከከንፈራቸው ጥግ ተይዟል፤ ስለዚህ እየሠሩ ሲያወሩ በግማሽ አፍ ነው። የወስፌው እጀታ ከመያዝ ብዛት አሸብርቋል፤ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ላይ እንደ ሽምብራ የምታህል ጠንካራ ቆዳ አለች። ቁጥር አይጽፉም፣ ንድፍ የለም። ግን ቀዩ ስንት ብስ ሄዶ ለጥቁሩ እንደሚለቅ፣ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ ጥርሱ እንዳይዛነፍ ስንት መጨመር እንዳለበት እጃቸው ያውቀዋል። አንዴ ብቻ ቆም ብለው በከንፈራቸው ሲቆጥሩ አየሁ፤ ወሬዬ አሳስቷቸው መሆን አለበት።

ሰፌዱ ላይ ቀይ አለ፣ ጥቁር አለ፣ የስንደዶው የራሱ ቢጫ አለ። ከእነዚህ መካከል ግን አንዲት አረንጓዴ አለች፤ ቀዝቃዛ፣ ትንሽ የምታብለጨልጭ፣ ከሌሎቹ ጋር ያልተወለደች።

«ይቺ አረንጓዴ ከየት መጣች፣ እማማ? የገበያ ቀለም አትመስልም።»

«ዩሪያ ናት» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ።

አልገባኝም።

«የማዳበሪያ ከረጢት ነዋ! ልጁ ማሳው ላይ በትኖ ከረጢቱን ይዞልኝ ይመጣል። ጫፉን ይዘህ ስትስበው እንደ ክር ይመዘዛል። ነጩ ነጭ ነው፤ ጽሑፍ ያረፈበት በኩል ግን አረንጓዴ ይወጣል። ውሃ አያስለቅቀው፣ ፀሐይ አይበላው።» ከዚያ አለላውን ከከንፈራቸው አውጥተው ሳቁ። «አረንጓዴ ቀለም ነክሬ ተናድጄ ነው። በስድስት ወሩ አመድ ይመስላል።»

«እምቦጩስ?» አልኩ። ከቆላ ድባ ወደ ደቡብ ትንሽ ወረድ ሲሉ የጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አረሙ ሐይቁ ላይ መግባቱ ሲታወቅ ቀድመው ከተወረሩት አንዱ ይህ የደምቢያ ዳርቻ፣ የመገጭ ወንዝ መግቢያ ነው። በሌላ አገር ከደረቅ እምቦጭ ወንበርና ቅርጫት ሲሠሩ አይቻለሁና፣ ትልቅ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር የጠየቅኩት።

«ሞክሬዋለሁ» አሉ። «ሲደርቅ ውስጡ ስፖንጅ ነው። ወስፌ አይችልም።»

በቃ። በሁለት ዐረፍተ ነገር ጥናት ተጠናቀቀ። ነገሩን ያላሰቡበት ሰዎች መስለውኝ ስለነበር ትንሽ አፈርኩ። እውነተኛው ችግራቸው ሌላ ነው፦ ስንደዶው። ድሮ መስከረም ላይ ከደጅ ነበር የሚለቅሙት፤ አሁን ግጦሹም ዳሩም ታርሷል። አንድ እስር ከሩቅ ቀበሌ ሲመጣ በገንዘብ ነው። ለዚህም ነው ከረጢቱ የተወደደው፤ በከፊል ስላማረ፣ በከፊል ስንደዶው ስለጠፋ።

ያን ሌሊት መደቡ ላይ ተጋድሜ፣ በጨለማ ሰፌዶቹ እንደ አምስት ዓይን እያዩኝ፣ ሳስብ ያደርኩት ስለ አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ነው። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ዕቃውን የሚያገኘው መርካቶ ነው፣ ምናለሽ ተራ። መጀመሪያ ክርና አዝራር ነበር፤ ሸራ ላይ በመርፌ፣ አንዱን ሥራ ለብዙ ጊዜ እየሰፋ። ኋላ የኮምፒዩተር ሆድ ዕቃ፣ የኪቦርድ ፊደላት፣ በቀለም የተለበጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ። «ታይትሮፕ» ብሎ የሰየማቸው ተከታታይ ሥራዎቹ ፊት ከሩቅ ስትቆም የምታየው ከአውሮፕላን የሚታይ እርሻ ነው፤ ትልም፣ ወንዝ፣ አውድማ። ስትጠጋ ሽቦ ነው፤ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦ። ኒውዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሳይቀር ሥራው አለው።

ስለ እሱ ሲጻፍ አንድ የምጠላው አባባል አለ፦ «ተራውን ዕቃ ወደ ጥበብ ከፍ አደረገው»። ከየት ወደ የት ነው ከፍ ያለው? ሽቦው መርካቶም እያለ ቀይ ነበር። ቆላ ድባ ያሉት እናት የዩሪያ ከረጢት ከፍ አላደረጉም፤ የማይለቅ አረንጓዴ ፈልገው አገኙ። ኤልያስም፣ ሥራው ፊት ቆሜ እንደማየው ከሆነ፣ መጀመሪያ ቀለም የሚፈልግ ሰው ነው፤ ሽቦነቱ ኋላ ይመጣል። ደግሞም እሱ ራሱ ከማን እንደተማረ አይደብቅም። ከሥራ ባልደረባው መስከረም አሰግድ ጋር አገሩን ዞረው የጥንት ሥርዓቶችንና የአገር ቤት አሠራርን ሲያጠኑ ኖረዋል። ያን ያዩትን አዲስ አበባ አምጥተው መካኒሳ ላይ ዞማን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ቦክቶ፣ ተረግጦ፣ ተመርጎ፣ ገና ሳይደርቅ በጣትና በእንጨት የተቀረጸ። ከዝናብ በኋላ ሄዳችሁ ከሆነ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ያደርኩበት ቤት ግድግዳም እንደዚያው ይሸታል፤ ልዩነቱ እዚህ መግቢያ አይከፈልም።

ከኤልያስ አስቀድሞ ዘሪሁን የትምጌታ አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የተወለደው። ዘሪሁን ሸራውን ትቶ ቀጫጭን የቀርከሃ ስንጣቂ እየደረደረ ሣለበት። ረጅምና ጠባብ ነው፤ ከፊሉ ክታብ ይመስላል፣ ከፊሉ የሸማ ጥለት። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ከተሸለሙት አንዱ እሱ ነበር። ክታብን ያነሣሁት በከንቱ አይደለም። ብራና ተፍቆ፣ በክር ተቀጣጥሎ፣ በባለቤቱ ቁመት ልክ ተለክቶ፣ በጥቁርና በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ ዓይነ ትልልቅ ሥዕል ተጨምሮበት፣ ተጠቅልሎ በቆዳ የሚሰፋ ነገር ነው። ቆዳ፣ ክር፣ ቀለም፣ ቃል። ደብተራው ይህን ሲሠራ ምን ዓይነት ጥበብ እንደሆነ የጠየቀው የለም፤ የሚጠየቀው በሽተኛው ተሻለው ወይ ነው።

ጠዋት ላይ ስለ ሸክላ ጠየቅኳቸው፤ ጀበናቸው ቆንጆ ስለነበረ። መልሳቸው ዘገየ። «እነሱ ይሠሩታል» አሉ። «እነሱ» ስትባል ጓዳ ውስጥ የሆነ ነገር ቀዘቀዘ። ስፌት የማንኛዋም እመቤት ሙያ ነው፤ ልጃገረድ የምትመሰገንበት፣ ሠርግ ላይ የሚዘረዘር። ሸክላና ብረት ግን ሌላ ናቸው። ጠይብ ይባላል፣ ቡዳ ይባላል። የምንበላበትን የሚሠራልንን ሰው ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል፤ አዋጁ የወጣው ስድቡ ስለበዛ ነው። የቋራው ካሣ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ ኮሶ ሸጣለች ተብሎ ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው፤ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያለ የፎከረበትን ደጃዝማች ድል ሲያደርግ ኮሶ አጠጣው ይባላል። በሥራ መሰደብ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ለማወቅ ይህ ታሪክ ይበቃል። ንጉሥ ከሆነ በኋላ ጋፋት ላይ ወደ ብረት ሠሪዎቹ ቀርቦ ሥራቸውን በዓይኑ ማየቱ ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ከሁለት ቀን በፊት ወለቃ ነበርኩ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር። የሸክላና የብረት ሠሪዎቹ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85፣ ቀጥሎም በግንቦት 1991 በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን በተወሰደበት ዘመቻ፣ ሠሪዎቹ እስራኤል ገቡ። መንገድ ዳር የሚሸጡት ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ግን አሁንም አሉ፤ አንበሳ፣ ሰሎሞንና ሳባ፣ የሚጸልይ ቄስ። እጅ ተለውጧል፣ ጭቃው ያው ነው። አንድ አንበሳ ገዝቼ ጎንደር ሳልደርስ ጅራቱ ተሰበረ፤ ሻጯ «አይሰበርም» ብላኝ ነበር።

ከቁርስ በኋላ ሰፌዱ የሚቀረው ጠርዙ ብቻ ስለነበር «ጎርጎራን አይተህ ተመለስ፣ እስከዚያ እጨርሰዋለሁ» አሉኝ። መንገዱ ጠጠር ነው፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም። ጎርጎራ ላይ ደብረ ሲና ማርያም አለች፣ ክብ፣ ሣር ክዳን፣ ከሐይቁ አፍ ላይ። ሥዕሎቿ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ያሠራቻቸው የአፄ ፋሲል እህት መላኮታዊት እንደሆነች ይነገራል። በጣናና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት እንደተለመደው ሥዕል የሚሣለው በቀጥታ ጭቃው ላይ አይደለም። ጭቃውና ጭዱ ይመረጋል፤ በላዩ የጥጥ ጨርቅ ይለጠፋል፤ ቀለሙ የሚያርፈው ጨርቁ ላይ ነው። ጨርቁ ያረጀበት አንድ ቦታ ጠርዙ ትንሽ ተላቆ ነበር። ድርና ማጉ ይታያል። የቅዱሱ ካባ የሸማኔ ሥራ ላይ ነው የቆመው፣ ሸማው በሙጫ ላይ፣ ሙጫው በጭድ ላይ። ካህኑ ጣቴን እንዳልቀስር በዓይናቸው ከለከሉኝ፤ ልክ ናቸው።

የሠዓሊውን ስም ጠየቅኳቸው። «መላኮታዊት ናት ያሠራችው» አሉ። ሠዓሊውስ? «እሷ ናት ያሠራችው።» ከጣና ደሴቶች አንዱ ላይ፣ ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች፤ ልብሷ ሳይቀር ያብረቀርቃል። የሣላት ሰው ስም አልተጻፈም።

ቆላ ድባ ስመለስ ሰፌዱ አልቆ ነበር። ግድግዳው ላይ ለመስቀል እንዳሰብኩ ነገርኳቸው፤ «ምናለ፣ ስቀለው፤ ግን ሽምብራም ይነፋበት» አሉ። ከዚያ ይዤ የመጣሁትን ሐሳብ አወጣሁ፤ ከጀርባው፣ ጥግ ላይ፣ ስማቸውን ቢሰፉበትስ? በፊደል፣ በዚያችው አረንጓዴ።

ሰፌዱን ገልብጠው አሳዩኝ። ፊቱና ጀርባው እኩል ነው፤ ማሰሪያ የለ፣ ትርፍ ጫፍ የለ። ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ2024 ቬኒስ ላይ ያሳየው ዐውደ ርዕይ ስም ውስጥ «ፊት» እና «ጀርባ» የሚሉ አማርኛ ቃላት አሉበት፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት እሱን ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያሳዩኝ ሌላ ነው። «ይህ አነሳስ የእኔ ነው» አሉ፣ እምብርቱ ላይ በጥፍራቸው እየነኩ። «ድግስ ሲኖር ሠላሳ ሰፌድ ከየቤቱ ይሰበሰባል። ሲመለስ ማን ያምታታል? ሁሉም የየራሱን ያውቃል። የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ።» ስም መስፋት ለእሳቸው ግንባር ላይ ስም እንደመጻፍ ነበር፤ ሳቁብኝ። ገንዘብ ስዘረጋ ግን አልሳቁም። «ቡና አምጥተህልኝ» ብለው እጄን መለሱት።

ማታ ወደ አዘዞ በሚመለሰው ሚኒባስ ሰፌዱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። ከጎኔ የተቀመጠች ነጠላ የተከናነበች ሴት የሽምብራ እሸት እቅፍ ሙሉ ይዛለች። «ወንድም ዓለም፣ ሰፌድ ይዘህማ ዝም ብለን አንሄድም» ብላ ግማሹን ዘረገፈችበት። ከኋላም ከፊትም እጅ መጣ። ሹፌሩ ሳይቀር እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ገለባው በላዩ ሲከመር ሴትየዋ አራግፋ ሰፌዱን ገለበጠች፤ እምብርቱን አየች፣ በጣቷ ዙሪያውን ዞረች።

«ይቺ ከገበያው ጀርባ ያሉት እናት እጅ ናት» አለች፣ ስማቸውን ጠርታ። «ከረጢት የጀመሩት እሳቸው ናቸው። አሁን ሁሉ ይሠራዋል፤ እንደ እሳቸው የሚያገባው ግን የለም።»

አዘዞ ላይ ሴትየዋ ወረደች፤ እኔም ወርጄ ወደ ጎንደር የሚሄድ ታክሲ ያዝኩ። ከአጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ሰፌዱን አየት አደረገና «አሪፍ ናት፤ ስንት ገዛሃት?» አለኝ።

«ሁለት ኪሎ ቡና» አልኩት። ቡናውም የእኔ አልነበረም።